ጣትሽን አትዪ

«በሉ ጀምሩ!» አሉ ወይዘሮ ዙለይካ። ቦንቱ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ኪቦርዱን መምታት ጀመረች፤ ከኋላዋ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ኢዮስያስም የጣቶቿን ፍጥነት ሲሰማ ደስ አለው።

ኢዮስያስ በዚህች ፈረንሳይኛ በሚነገርባት የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ባለው ኮሌጅ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ያስተምራል። ቦንቱ ራስ ዲካ ሰፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ እየኖረች የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ናት። ብቸኛ የዕረፍት ቀኗን ዓመት ሙሉ ለእሱ ክፍል ሰጥታለች። ዛሬ ካለፈች ዶራሌ ወደብ ያለ የትራንዚት ቢሮ ይቀጥራታል። ድሬዳዋ ያደጉት ወይዘሮ ዙለይካም የቢሮውን ላፕቶፖች ይዘው የመጡት እሷንና ሌሎች አመልካቾችን ሊፈትኑ ነው።

የኢዮስያስ ደስታ ስክሪኑን እስኪያይ ነበር። የሚገለበጠው ደብዳቤ «ማዳም» ብሎ ይጀምራል። የቦንቱ ግን በኤም ፋንታ የጥያቄ ምልክት፣ በኤ ፋንታ ኪው እያለ ይወርዳል። ምስኪን፣ ቀኑን ሙሉ አፏ ላይ የሚውለውን ቃል መጻፍ አቃታት።

የላፕቶፑ ኪቦርድ የፈረንሳይኛ ነው፤ የፊደሎቹ ቦታ ከእንግሊዝኛው ይለያል። ከተማው የሚጽፈው በፈረንሳይኛው ነው። ኢዮስያስ ግን አዲስ አበባ የተማረው በእንግሊዝኛው ስለሆነ የነካውን ኮምፒውተር ሁሉ ወደዚያው ይቀይረዋል። የቦንቱንም ቀይሮ፣ ቁልፎቹ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ስቲከር ለጥፎ፣ «ጣትሽን አትዪ፣ ወረቀቱን እዪ» እያለ አስተማራት። ቶሎ ገባት፤ እሱም ጎበዝ አስተማሪ የሆነ መሰለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ቦንቱ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ቁልፎቹን፤ ከዚያ ዞራ እሱን።

«ወይዘሮ ዙለይካ፣ አንዴ ላስተካክለው?» አለ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ወደ እንግሊዝኛ ልቀይርላት ብዬ ነው።»

«የኛ ቢሮ በዚሁ ነው የሚጽፈው። ነገ እዚያ ስትቀመጥም አንተ እየመጣህ ልትቀይርላት ነው?»

ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነበረበት። ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ቦንቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ስትለቅም ሰዓቱ አለቀ።

«ልጄ፣ ፈረንሳይኛሽ ጥሩ ነው» አሏት ወይዘሮ ዙለይካ። «ግን መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።» ቦታው ለሌላ ተፈታኝ ተሰጠ።

ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ቦንቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ መጣች።

«ኪቦርዱ ሌላ እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዲቀልሽ ብዬ…»

«ቀላል ነገር መች ጠየቅኩህ ኢዮሲ? ለቀላል ለቀላሉማ ዓርብ እተኛ ነበር እኮ!»

«እንዲቀልሽ» ያለው ራሱ ውሸት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

«እኔም አልችልበትም» አለ።

«ምኑን?»

«የፈረንሳይኛውን። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እየቀየርኩ ነው የኖርኩት። ሰው እንዳያውቅብኝ።»

ቦንቱ ወደ በሩ ሄደች። ኢዮስያስ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠና ወደ ፈረንሳይኛው መለሰው። ስቲከሮቹንም አንድ በአንድ ላጠ፤ ሙጫው ጣቱ ላይ ቀረ። ከዚያ «ማዳም» ብሎ ለመጻፍ ሞከረ። የጥያቄ ምልክት ወጣ። አጥፍቶ ደገመው፤ አሁንም የጥያቄ ምልክት።

«ኤም ከኤል ቀጥሎ ነው» አለች ቦንቱ ከበሩ።

አልሄደችም ኖሯል። ወደ ውስጥ ተመለሰችና፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ዓመት ሙሉ የተማረችበት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ስቲከሮቹን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች።