ማቋረጫው ላይ የተከፈተው ቤት

መሠረት ልጆቿን ያሳደገችው ናይሮቢ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ አንድ የባቡር ማቋረጫ አጠገብ ሻይና ማንዳዚ የሚባለውን ብስኩት እየሸጠች ነው። ሐዲዱ ወደ ቆዳ ፋብሪካ የሚገባ ነበር። ፉርጎው ጥሬ ቆዳ ጭኖ ሲያልፍ ሽታው ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፤ እሷ ግን ለምዳው ነበር።

ፋብሪካው ወጪ ልቀንስ ብሎ የማቋረጫውን ዘበኛ ሲያሰናብት፣ ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን ብረት የሚያወርድ ሰው ጠፋ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ወደ ኋላ የሚገፋ ፉርጎ ሥራ የሚገቡ ሴቶችን ጨፈለቀ። ደንበኞቿ ነበሩ። በነጠላዋ የሸፈነቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ቀረ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ማቋረጫው ቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ እሷ ግን ከዳሩ አልተነሳችም።

ዘንድሮ ቦታውን የተከራየው ፍራኦል የሚባል፣ ናይሮቢ ያደገ የአገሯ ልጅ ነው። ቆሻሻውን አስጠርጎ፣ አግዳሚውን ቀይና ነጭ ቀብቶ የኛማ ቾማ፣ የፍም ጥብስ ቤት ከፈተበት። ለምርቃቱ ክትፎ እንድትሠራለት ለምኗት እሺ አለችው።

ከኩሽና ብቅ ስትል ለጥብሱ የታረደው ፍየል ደም ከእጣቢው ጋር ሐዲዱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ዝንብ ወሮታል። ከፍ ብሎ ሁለት ወጣቶች ሐዲዱ ላይ ተጋድመው፣ አንገታቸውን ካቻፕ ቀብተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ቦታው የፍቅረኞች መለያያ እንደነበር ተጽፏል።

ፍራኦልን ጠርታ የሆነውን ነገረችው። ያዘነ መስሏት ነበር።

"እትዬ መሠረት፣ ይሄን እኮ ማንም አያውቅም" አላት። "ለእንግዶቹ ይንገሩልኝ። በጣም ፓወርፉል ነው።"

ያፍሩ ይሆናል ብላ ተናገረች። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሴቶቹ፣ ከነጫማው ስላገኘችው እግር ሳይቀር ነገረቻቸው። ስትጨርስ አጨበጨቡላት። አንዷ በጥርሶቿ መሃል የተሰካውን ሥጋ በጥፍሯ እያወጣች፣ ስልኳ ስላልቀዳላት የእግሩን እንድትደግምላት ጠየቀቻት።

መሠረት ሽርጧን ፈትታ ወጣች። ለመሻገር ስትሞክር ያ የደም እጣቢ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ፍራኦል ተከትሏት ክንዷን ያዘ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ብትተርክ ደህና እንደሚከፍላት ነገራት።

"አትንካኝ" አለችው።

የማታቱ ታክሲ መቆሚያው ጋ ስትደርስ አስመለሳት። እቤቷ ገብታ እግሯን ደጋግማ ብትታጠብም አልጠራላት አለ፤ ጫማውን ጣለችው።

ቤቱ ዛሬም ይሞላል። መሠረት የሻይ ዕቃዋን ሰብስባ ሌላ መንገድ ዳር ሄዳለች። ታሪኩን አሁን የሚናገረው አስተናጋጁ ነው፤ ያልነበረ ሕፃን ጨምሮበታል። ይህን የሰማች ዕለት ምሳዋን መብላት አቃታት።