ከቀትር በኋላ የፈሰሰ ውሃ

በቦነስ አይረስ ሰሜናዊ ዳርቻ ባለው የሃንጋሪዎች ክበብ ምላሰኛ ሞልቷል፤ የቦልዲዣርን ምላስ የሚስተካከል ግን ከዚያ እስከ ደቡብ ዋልታ በረዶ ድረስ ቢታሰስ አይገኝም። ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ ሙያው ሶፋና ወንበር ማልበስ ነው። እሱ ሲያወራው ታዲያ ምን የመሰሉ ሹማምንት መቀመጫቸውን ለእሱ እጅ አደራ ብለዋል። አንድ ሚኒስትር እሱ ባለበሰው ወንበር ላይ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ መነሳት አቅቶት፣ አገሪቱ ለአንድ ሳምንት ያለ ስብሰባ ተዳድራለች። ወላጆቹ በመርከብ ተሳፍረው መጥተው እዚሁ ነው የወለዱት። ዳኑብን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ስለ ዳኑብ ሲናገር ግን ወንዙ ከእሱ ጓዳ የሚመነጭ ይመስላል።

ይህ ጤፍ የሚቆላ ምላስ አንዲት ቃል ከብዳው ነበር።

እናቱ ጊዜላ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ በፊት ዓይናቸው ፈዝዞ፣ አልጋ ላይ ውለው፣ ከእግዜር ጋር ሳይቀር ተኳርፈው ነበር። የክበቡን ቤተ መጻሕፍት የምትጠብቀው ባሏ የሞተባት ኤሞኬ ይህን ሰማችና አንድ ሐሙስ መጽሐፍ በብብቷ ሸጉጣ መጣች። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። የአገር ቤት ልብ ወለድ፣ ተረት፣ ግጥም እያነበበች ስታሰማቸው፣ አሮጊቷ ረቡዕ ማታ ጀምረው ፀጉራቸውን ማስበጠር ያዙ። ቦልዲዣር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በሩ ሥር ያዳምጥ ነበር። እናቱ ሲስቁ የሰማው ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በቀብሩ ዕለት ሊያመሰግናት ቀረበ። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። የሬሳ ሣጥኑን ውስጡን በሐር ያለበስኩት በገዛ እጄ ነው፣ የድሮዎቹ የሃብስቡርግ ነገሥታትም እንዲህ ባለ ምቾት አልተቀበሩም አላት። ኤሞኬ ሐሩን ዳሰስ አድርጋ፣ ቆንጆ ነው ብላው ሄደች። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያያት ማዶ ተሻግሮ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ኤሞኬ ልትሄድ ነው። አገር ቤት፣ ፔች ከተማ የምትኖር ልጇ ነይልኝ ብላት፣ የፋሲካ በዓል አልፎ ማክሰኞ ትሳፈራለች።

ሥጋ ሻጩ ጓደኛው ቪልሞሽ ይህን ሲሰማ፣ «አንድ ቃል እኮ ነው ሰውዬ፣ አመሰግናለሁ በላትና ተገላገል» አለው።

«አንድ ቃል የድሃ ነው» አለ ቦልዲዣር። «እኔ በግጥም ነው የማመሰግናት። በሰኞው።»

ሰኞ ማለቱ የፋሲካን ማግስት ነው። በዚያ ቀን የሃንጋሪ ወንድ ሁሉ ውሃ ይዞ ይወጣል። ሴቷ ፊት ይቆምና ግጥም ይላል፣ ላጠጣሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ስትፈቅድለት ያፈስባታል። ውሃ የነካት ሴት ዓመቱን ሙሉ አትጠወልግም። እሷም በተራዋ በሰም ሥዕል ያስጌጠችውን እንቁላል ትሰጠዋለች። ከተሜ ነን የሚሉት ሽቶ ጠብ ያደርጋሉ፤ የባላገር ልጆች በማሰሮ ይለቁታል፤ ይህ ክርክር በክበቡ ውስጥ ከብዙ ጋብቻ የበለጠ ዕድሜ አለው። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ሕግ ቢኖር ውሃው የወንዶች የሚሆነው እስከ ቀትር ብቻ መሆኑ ነው። ቀትር ካለፈ ማሰሮው ወደ ሴቶቹ እጅ ይገባል፤ ያኔ ወንዱ ወዮለት።

ክበቡ የጥበብና የሥነ ጽሑፍ ቀኑን የሚያከብረው በዚሁ ሰኞ ነው። ወንዶቹ አብዛኞቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሸመደዷትን ያችኑ አራት ስንኝ ይሉና እንቁላላቸውን ተቀብለው ወደ አረቄው ያመራሉ። ቦልዲዣር ግን ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አዋጅ ሲያስነግር ከረመ። ለእያንዳንዷ ሴት አዲስ ግጥም አለኝ፣ የመጨረሻው የእትዬ ኤሞኬ ነው፣ እሱን ሰምቶ ያላለቀሰ ሰው ልቡን ሐኪም ይየው አለ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነውና፣ አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

የቸገረው ነገር ለኤሞኬ ግጥሙ አለመኖሩ ነው። ለሌሎቹ እንደ ምንጭ ፈልቆለታል። የእሷን ሊገጥም በተቀመጠ ቁጥር ግን በእሷ የጀመረው ስንኝ ዞሮ በራሱ ያልቃል። አንዱን ጽፎ ቢያነበው ስለ ወንበር ጨርቅ ሆነ። ሌላውን ቢሞክር እሱ ራሱ በፈረስ ተቀምጦ ብቅ አለ። ቀድዶ ጣለው። ቀኑ ሲደርስ፣ ፊቷ ስቆም ይመጣልኛል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ወጣ።

አዳራሹ ገና ከጠዋቱ ጢም ብሏል። ያጨሱት የአሳማ ሥጋ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ተደርድሯል፤ ጥቁር ፍሬ የተጠቀለለበት ኬክ ገበታውን ሞልቶታል። በአንድ ጥግ ልጆች ጠረጴዛ ከበው በቀለጠ ሰም እንቁላል ይሥላሉ። ጥልፍ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በወዲያኛው ጫፍ ኤሞኬ ከመጻሕፍቷ አጠገብ ቆማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የተረፉትን ለወሰደ ሁሉ ታድላለች። ቦልዲዣር ማሰሮውን ታቅፎ፣ ቁልፉ እንቢ ያለውን የአባቱን ጥልፍ ሰደርያ ለብሶ ገባ። ሴቶቹ ተሰልፈው ጠበቁት። ከመጀመሪያዋ ከዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ፦

ከዳኑብ የጠጣ፣ በቲሳ የዋኘ፣
ቦልዲዣርን ያህል ወንድ ከየት ተገኘ?

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጭብጨባው ከወንዙ ማዶ ኡራጓይ ድረስ ተሰምቶ የወደቡ ውሾች እንደጮኹ የሚምል ሰው ዛሬም አለ። ያጠፋውም ይኸው ጭብጨባ ነው። ጭብጨባ የሰማ ቦልዲዣር ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ነው፤ በሁለቱ ስንኝ ላይ ሌላ ደረበ፣ በዚያ ላይ ሌላ። የጋጋሪው ሚስት ማሰሮውን ስትጠብቅ እግሯ ዛለ። ሁለተኛዋ ጋ ሲደርስ አረቄ ቀመሰ፤ ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ አባቱ በግጥሙ ውስጥ ጄኔራል ሆነ። አባትየው እግረኛ ወታደር እንደነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቁ።

ከሩቅ ሲያዩት ሰውዬው በደስታ የሰከረ ነው የሚመስለው። እሱ ግን በየስንኙ መሃል በዓይኑ ጠርዝ ሰልፉን ይለካ ነበር። ወደ ኤሞኬ የቀሩት ሴቶች ባነሱ ቁጥር ግጥሙ ይረዝማል። የፊተኛዋን በማርዘም የኋለኛዋን የሚያርቃት መሰለው። ቪልሞሽ ጠጋ ብሎ፣ አሳጥር፣ ሰዓት እየሄደ ነው ቢለው፣ ጥበብን በሰዓት የሚለካ ሥጋ ሻጭ ብቻ ነው አለው።

ከኤሞኬ በፊት የመጨረሻዋ የመዝሙር መሪው እህት ነበረች። እሷን እንደ አደይ አበባ እያሞገሰ በደመና ላይ ሲያስኬዳት፣ የጎረቤቱ ጸሎት ቤት የቀትሩን ደወል ደወለ።

እማማ ቴክላ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የክበቡ ሕግ፣ ዳኛና ፖሊስ እሳቸው ናቸው። «በቃ» አሉ። «ማሰሮውን አስረክብ።»

ቦልዲዣር ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት ቀርታኛለች፣ ዋናዋ እሷ ናት አለ። የደወሉ ሰውዬ ሁልጊዜ ይቸኩላል አለ። ቀትሩም ቢሆን የሃንጋሪ ቀትር እንጂ የአርጀንቲና ቀትር አይቆጠርም ብሎ ተከራከረ።

«በአገር ቤት ሰዓት ከሄድንማ ጭራሽ ሊመሽ ነው» አለ ቪልሞሽ ከኋላ።

ሳቁ ሲያበቃ ቦልዲዣር ማሰሮውን እንደታቀፈ ቀረ። ነገ በዚህን ሰዓት ሴትዮዋ አየር ላይ ናት። ያቺን ቃል የሚናገርባት ቀን ይህች ብቻ ነበረች፤ በገዛ አፉ በላት። ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ኤሞኬ ዞረ። እሷ መነጽሯን አውልቃ መጽሐፍ ላይ አስቀመጠች፤ መጥታም ማሰሮውን ከእጁ ወሰደች።

«ውጭ እንውጣ» አለችው። «መጻሕፍቱ አጠገብ አይሆንም።»

አዳራሹ እንዳለ ወደ ግቢው ፈሰሰ። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ በዚያ አገር ቅጠል የሚረግፍበት፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። ኤሞኬ ማሰሮውን ከቧንቧው እስከ አፉ ሞላችና ፊቱ ቆመች። የሚያፈስ ሰው ግጥም ማለት አለበት፤ ሴትም ብትሆን ሕጉ ሕግ ነው። ሁሉም ያቺን የልጆች ግጥም ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን መጽሐፍ በምታነብበት በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

ቤቴ ባዶ ሆኖ፣ መጽሐፌ ሲዘጋ፣
ጆሮዋን ሰጠችኝ እናትህ ከአልጋ።
እንዳትጠወልግ ይኸው ውሃ ላፍስስ፣
ያንተ ቤት ነበረ እንባዬን የሚያብስ።

አፈሰሰችበት። የአማዞን ወንዝ እኩሌታ በአንድ ማሰሮ ይገባል ቢሉ የማያምን ካለ፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ውሃው ከአናቱ ተነስቶ በሰደርያው ገብቶ በጫማው ወጣ። ሰዉ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የቦልዲዣርን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። እሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ባለ ዕዳው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷም ሐሙስን ትጠብቅ እንደነበር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታነብለት ሰው እንዳልነበራት፣ በሩ ሥር ቆሞ ስንት ጊዜ ሲያዳምጥ አንዴም አልታየውም።

ይናገራል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን የሰደርያውን ጫፍ ይዞ ውሃውን ጨመቀ።

እማማ ቴክላ ከዘራቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። «ውሃ የነካው ሰው እንቁላል ይሰጣል» አሉ። «ራሱ የሣለውን።»

ኪሱ ከሴቶቹ በተቀበለው እንቁላል ተነፍቷል፤ የራሱ ግን የለውም። የእንቁላል ሥዕል የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው እያለ ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው። ውሃ እያንጠባጠበ አዳራሹ ገባና በልጆቹ ጠረጴዛ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በርጩማው አቃሰተ። አንዲት ሕፃን የሰም እስኪርቢቶዋን አዋሰችው፤ ሰሙ ሳይረጋ ቶሎ ቶሎ መሳብ እንዳለበትም ተቆጥታ አሳየችው። ምስማርና መዶሻ የለመደ እጁ መስመሩን አንጋደደው። ቪልሞሽ ከትከሻው በላይ አጮልቆ፣ ላም ነው ፈረስ ብሎ ጠየቀ። ቦልዲዣር ቀና እንኳ ሳይል ሰሙን ሳበ።

ቀለሙ ውስጥ ነክሮ፣ ሰሙን በሻማ አቅልጦ፣ በእጅጌው ጠርጎ ሲጨርስ ተነሥቶ ኤሞኬ ዘንድ ሄደ። እንቁላሉን በሁለት እጁ ሰጣት። ቀዩ መደብ ላይ አራት እግሯ የተንጋደደ አንዲት ወንበር ተሥላለች።

ኤሞኬ መነጽሯን አድርጋ አየቻት። በእናቱ አልጋ አጠገብ እሷ ስታነብ የምትቀመጥባት ወንበር ናት። መጀመሪያ ደረቅ እንጨት ነበረች፤ አንድ ሐሙስ ስትመጣ ግን ለስላሳ መቀመጫና ለወገብ የሚመች መደገፊያ ለብሳ አገኘቻት። ማን እንዳለበሳት ያኔ የነገራት የለም።

«አወቅኋት» አለች።

«እትዬ ኤሞኬ» አለ ቦልዲዣር። «ለእናቴ ስላነበቡላት አመሰግናለሁ። እኔም በሩ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር።»

«አውቃለሁ። ጫማህ በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር» አለችው። «ለዚህ አይደል ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ የነበረው?»

እንቁላሏን በነጭ መሐረብ ጠቅልላ ከልብሷ ጋር ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ አኖረቻት። አውሮፕላን ላይ ከእጄ አትለይም አለች። ቪልሞሽ ፎጣ አምጥቶ ጓደኛው ትከሻ ላይ ጣለለት፤ ዚተር የሚሉትን ክራር መሰል መሣሪያ የሚመታው ሰው ጣቱን አሟሙቆ ጀመረ፤ ኤሞኬም እጇን ዘርግታ፣ የራሰውን ሰውዬ ወደ ጭፈራው መሃል ይዛው ገባች።