የሜኑ ጉባኤ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ታካሚ አይቀበልም። የሚቀበለው ከታካሚ የባሱትን ነው። የተበላ መንጋጋ ከተሳለበት ፖስተር ሥር፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ደርዘን የሚሆኑ ጎልማሶች ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሰበሰባሉ። ፎቶ ለማንሳት እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካው የጫነውን ሶፍትዌር ነቅለው የራሳቸውን የተከሉ ሰዎች ናቸውና የሚከራከሩት ስለ ሜኑው ነው፦ የትኛው ቃል ከየትኛው በላይ ይጻፍ፣ የትኛው ቁልፍ ሲነካ ምን ይከፈት። ስለ ፊደሉ መጠን ብቻ አንድ ክረምት ሙሉ ተነታርከዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእነሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም የባሰው ቀያሹ ነበር። በሥራ ቀን የሰው መሬት ይለካል፤ የቀረውን ዕድሜውን ሜኑ ይደረድራል። ሁለት ዓመት የደከመበት ሜኑ ገጽ ከገጽ ሥር የተሸሸገበት፣ ደረጃ ወርደው ሌላ ደረጃ የሚያገኙበት ጉድ ነው። ብርሃን መቀነስ የፈለገ ምስኪን በመጀመሪያ «ዳሳሽ»፣ ከዚያ «ምላሽ»፣ ከዚያ «እርማት» የሚሉትን በሮች ማንኳኳት አለበት። ቀያሹ በዚህ አያፍርም፤ ይኮራል እንጂ። ለሁሉም የሚገባ ነገር ክብር የለውም ባይ ነው። ፎቶ ሲነሳም ሆነ ከተነሳ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምስሉ እንዳይመጣ ያደረገውም እሱ ነው፤ ወዲያው ተመልሶ የሚመጣው ሜኑው ነው። ያነሳሁትን ካላየሁ የሚል ጀማሪ ነው፣ ባለሙያ የሚያየው ቅንብሩን ነው ሲል ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ቢነቀንቁ አይገርምም፤ ከመካከላቸው ያነሳውን ፎቶ ለሌላው አሳይቶ የሚያውቅ የለም።

ተቀናቃኙ ፋርማሲስቱ ነው። እሱ የሠራው ሜኑ አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ያሉት ቃላት ጥቂትና ደማቅ ናቸው። ቀያሹ ይህን ሜኑ እንደ ቆሻሻ ነበር የሚጠየፈው። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚለው ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ጉባኤውን አንድ ጊዜ አስቆታል፤ ፋርማሲስቱም አብሮ ስቋል፤ ይህ ደግሞ ቀያሹን ይበልጥ አናዶታል።

በዚያ ቅዳሜ ከሁለቱ አንዱ ሊመረጥ፣ ሌላው ከሶፍትዌሩ ጨርሶ ሊሰረዝ ነበር። ቀያሹ ከተሸነፈ ሁለት ዓመቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ከዚያም የከፋው፣ ከእንግዲህ ካሜራውን በከፈተ ቁጥር የሚያየው የፋርማሲስቱን ደማቅ ፊደል ይሆናል።

ምርጫው በእጅ ማውጣት አይደለም። ያንን ሞክረውት ወንበር ሊወራወሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ስለዚህ ደንብ አወጡ፦ ሁለቱም ተፎካካሪዎች ሜኑውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ እንግዳ ከውጭ ያመጣሉ። ካሜራው በገመድ ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፣ ሐኪሙ ትእዛዝ ያነባል፣ እንግዳው ይፈጽማል፣ ሜኑውን የሠራው ሰው አፉን ይዘጋል። እንግዳው ሳይደናበር የጨረሰለት ያሸንፋል።

ቀያሹ ሚስቱን አመጣ። አስተማሪ ናት። ሜኑውን አይታው እንደማታውቅ በእናቱ ስም ማለ፤ እናቱ ይህን ባለመስማታቸው ተጠቅመዋል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ከእራት በኋላ የተማሪዎቿን ደብተር ወደ ጎን እየገፋ፣ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ለሳምንታት ሲያስጠናት ነበር። ዳሳሽ፣ ምላሽ፣ እርማት። እንደገና። ሴትዮዋ ጣቷ እስኪዝል ተማረች። አንድ ቀን ብቻ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ይሄ ነገር ሲያልቅ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ተሳስተሻል» አላት።

ቅዳሜ ደረሰ። መጀመሪያ የተቀመጡት የፋርማሲስቱ አክስት ናቸው፤ መነጽራቸውን ረስተው መጥተዋል። ብርሃን ይቀንሱ ሲባሉ ቀነሱ፣ ፎከሱን ይለውጡ ሲባሉ ለወጡ። ቀያሹ ላብ ላብ አለው። ሰዓት ቆጣሪውን ያብሩ ሲባሉ ግን ቆሙ። ፋርማሲስቱ «ሌሎች» በሚል ቃል ሥር ከቶት ኖሯል። አክስቲቱ ከላይ እስከ ታች ፈለጉት፣ ተመለሱ፣ ደግመው ፈለጉ፣ በመጨረሻ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ የት ደበቅኸው?» አሉ። የቀያሹ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ቀጥሎ ሚስቱ ተነሳች። ጉባኤው በሙሉ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ሐኪሙ አንብቦ ሳይጨርስ የእሷ ጣት ደርሷል። ዳሳሽ፣ ምላሽ፣ እርማት፤ ገጾቹ እየተገለጡ እየታጠፉ አለፉ። ከጀርባ አንዱ በአድናቆት አፏጨ። በመጨረሻ ፎቶ አንሺ ተባለች፤ ቁልፉ ጠቅ አለ፣ ሜኑውም ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ተመለሰ። ጉባኤው አጨበጨበ። የማያውቅ ሰው እንዲህ ካቀለጠፈው ሜኑው ቀላል ነው ማለት ነው ብለው፣ ደርዘን የሚያህሉ የተማሩ ሰዎች በአንድ አፍ መሰከሩ። ፋርማሲስቱ እጁን ዘርግቶ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ቀያሹ የጣቱን ጫፍ ብቻ ሰጠው። ሐኪሙ የተሸነፈውን ሜኑ እዚያው አጠፋው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቀያሹ አፉ አልተዘጋም። የፋርማሲስቱ ፊት እንዴት እንደጠቆረ፣ አክስቲቱ እንዴት እንደተደናበሩ፣ ቀጣዩ እትም ላይ ምን እንደሚጨምር ተረከላት። ሚስቱ የሕንጻቸው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ያነሳሁትን ፎቶ አየኸው?»

የሚታይ ነገር ነው ብሎ አላሰበም። ግን ደስ ብሎት ነበርና ካሜራውን ከፈተ። ምስል የሚታይበትን ገጽ ራሱ የቀበረው ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ነው የደረሰበት። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ብርሃኑን ስትቀንሺ አብዝተሽው ይሆናል ብሎ እርማት ወደሚለው ገጽ ሊመለስ ሲል እጁን ያዘችው።

«የሌንሱ ክዳን አልተነሳም» አለችው።

ተናደደ። «እንዴት ይረሳል ይሄ?»

«አልረሳሁትም። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስጠናኝ አንድ ቀን ስታነሳው አላየሁም። ለሜኑ ምን ያደርጋል? ዛሬ ግን አውቄ ነው የተውኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ ያይ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ቀያሹ ሁሉም ቴሌቪዥኑን እያዩ እንደነበር ሊያስረዳት ጀመረ፤ ነገሩ ለራሱ ጆሮም ስላልጣመው ተወው። ጥቁሩን ስክሪን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንን ልታነሺ ነበር ሲል ጠየቃት።

«አንተን ነዋ። ከጎንህ ቆሜ ወደ አንተ ነበር የደቀንኩት። አንድ ጊዜ ዞር ብትል ኖሮ፣ ክዳኑንም እኔንም ታየን ነበር።»