ያልተቆጠረው መንገድ

«ቁልፉን ስጪኝ፣ ሳሌምዬ። ዛሬ በእናንተ በኩል ያለውን መንገድ ነው የሚጠርጉት። መኪናው ካልተነሳ የቅጣት ቲኬት ይለጥፉበታል» አለ ጉዲና እጁን ዘርግቶ።

ሳሌም ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ እንደከተተች «ኖ» አለች።

ከእድሩ በመጡት ታጣፊ ወንበሮች ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ጨዋታውን አቋረጠ። ጉዲና የሟቹ የዘነበ የታክሲ ባልደረባ ነው፤ ኦክላንድ ኤርፖርት ተራ እየጠበቁ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ከቀብሩ ጀምሮ ወንበር የሚያመላልሰውም፣ እንግዳውን የት ፓርክ እንደሚያደርግ የሚነግረውም፣ ያልበላውን በግድ የሚያበላውም እሱ ነው። እምቢ መባል አልለመደበትም።

«ልጄ፣ ወደ ማዶ ላሻግረው ብቻ እኮ ነው።»

«ኖባዲ ድራይቭስ ኢት» አለች ሳሌም።

እናቷ የሺሃረግ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ልቧ ድንግጥ አለ። ከእሑድ ወዲህ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ይደነግጣል። የምትፈራው ነገር ስላለ ነው። አንድ ቀን ሳሌም ዞር ብላ አንድ ጥያቄ ትጠይቃታለች፤ እሷም መልስ የላትም።

እሑድ ከሰዓት ሳሌም አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ነድታ መጣች። ገና ፐርሚት፣ የለማጅ ፈቃድ፣ ላይ ናት፤ ልምምድ ነበር። ቤታቸው በር ላይ አቁማ «ዳድ፣ ደረስን» ስትለው ዘነበ ሞቷል። መኪናው ካቆመችበት አልተነቃነቀም። ለቀስተኛው ሲገባም ሲወጣም ከሱ ራቅ እያለ ነው የሚያልፈው።

ከለቀስተኞቹ አንዷ እትዬ ያለምዘውድ ወደ የሺሃረግ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ይሄ መኪና ገደ ቢስ ነው፣ ይሸጥ። እሷም ሁለተኛ መሪ እንዳትነካ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እንዴት አላወቀችም? አጠገቧ ተቀምጦ?»

እዚህ የተወለዱ ልጆች አማርኛ ብዙ አይናገሩም እንጂ የማይሰሙት የለም። ትልልቆቹ ይሄን ሁሌ ይረሱታል። ሳሌም ተነስታ ወጣች፤ የውጭው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

የሺሃረግ የት እንደምትሄድ ታውቃለች። ትናንትም እዚያው መኪናው ውስጥ ነው ያገኘቻት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እጇ መሪው ላይ። ብትጠራት አልሰማቻትም። ያን ጊዜ ነው የሺሃረግ ይቺም ልታመልጠኝ ነው ብላ የፈራችው።

ልጅ ላይሰንስ እንዲያወጣ አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ ሃምሳ ሰዓት መንዳት አለበት፤ ወላጅም ነድቷል ብሎ ይፈርማል። የኛ ሰው አብዛኛው ሃምሳውን ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብሎ ነው የሚፈርመው። ጉዲና ለሦስቱም ልጆቹ እንዲያ ነው ያደረገው፣ አይደብቅም። «ፈርምላትና ተገላገል» ብሎት ነበር ዘነበን። ዘነበ ግን በሌላው ነገር ሁሉ ለዘብተኛ ሆኖ ሳለ በዚህ ነገር አስቸጋሪ ነበር። ቀይ መብራት ላይ የቆመችበትን ደቂቃ ሳይቀር ይቀንስባታል።

«ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ።»

«ቆሞ የሚቆጥር የታክሲ ቆጣሪ ነው። አንቺ ተሳፋሪ የለሽም» ይላታል እየሳቀ።

አንድ ቅዳሜ የሺሃረግ አብራቸው ወጥታ ከኋላ ተቀመጠች። እሷ መኪና ትፈራለች። ላይሰንስ ያላት ለመታወቂያ ነው፤ ካወጣችው ወዲህ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ፍሪዌይ ላይ ሲወጡ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሸፈነች። ሳሌም በመስታወት አየቻትና መሪውን ጨምድዳ ያዘች። ዘነበ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ተኝቻለሁ። ቤት ስንደርስ ቀስቅሺኝ።» ልጅቷም የሚፈራ ፊት ስታጣ ትከሻዋ ወረደ፣ መንዳቱን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ በደነገጠች ቁጥር እንደዚያው ያደርግ ነበር። የሺሃረግ ግን ከኋላ ሆና እግሩን አይታለች። ዓይኑ ተጨፍኖ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ቤት ሲገቡ እስኪበቃት ሳቀችበት።

በሞተበት እሑድ ጠዋት ደግሞ ዘነበ ደረቱን እያሻሸ ወደ ኩሽና መጣ። «አቃጠለኝ፣ ጨጓራዬ ነው መሰለኝ» አላት። ተልባ በጠበጠችለት፣ ጠጣ። «ተኽኣ ጋ ደርሰን እንመለስ፣ መንገዱ ለሳሌም ጥሩ ነው» ብሎ ወጣ። ተኽኣ የሳን ሆዜ ወዳጁ ነው፤ ቀብሩ ላይ እያለቀሰ ዘነበ የቀረበለትን ምሳ አለመንካቱን ነገራት። ሬሳውን ያየው ሐኪም ማንም ቢኖር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር ብሏል። የሺሃረግ ቃሉን ሰምታለች፤ ማመኑ ነው ያቃታት።

ከፍራሹ ተነሳች። እትዬ ያለምዘውድ ቀሚሷን ያዙ። «ወዴት ነው? ሐዘንተኛ እኮ ነሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ መኪናውን ልናነሳ ነው።»

ጉዲና ደረጃው ድረስ ተከተላት። «የሺ፣ ልጅቱ ደህና አይደለችም። እኔ ላንሳው።»

«ደህና አይደለችም» አለች የሺሃረግ። «ለዚህ ነው የምሄደው።»

ሳሌም እንደ ትናንቱ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። የሺሃረግ በሩን ከፍታ ስታይ ወንበሩ ዘነበ እንደለጠጠው ነው። ልታስተካክለው እጇን ሰደደችና ተወችው። እንዳለ ተቀመጠችበት፤ ግማሽ ተኝታ ጣሪያውን እያየች።

በሩን ስባ ዘጋችው።

«ማሚ» አለች ሳሌም። «መንገድ ላይ ሄይዋርድ ጋ ስንደርስ አናገርኩት። አልመለሰም። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው የሚያስመስል መሰለኝ። ከዚያ ሪሊ የተኛ መሰለኝና ራዲዮውን ቀነስኩለት። ከየት ጀምሮ ነው ብቻዬን የነዳሁት?»

መጣ። የሺሃረግ ስትፈራው የከረመችው ጥያቄ ይኸው መጣ። በሩን ከፍታ ወጥታ መሮጥ አማራት።

«አላውቅም» አለች። «ልዋሽሽ አልችልም፣ አላውቅም። ጠዋት ደረቱን ሲያሻሽ አይቼ ጨጓራው ነው ብዬ ተልባ ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ። ነርሲንግ ሆም ስንት ዓመት ሽማግሌ ሳስታምም የኖርኩ ሰው። ማወቅ የነበረበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።»

ሳሌም ዞራ አየቻት። ይሄን አልሰማችም ነበር።

«ዩ ዲድንት ኖው» አለች ቀስ ብላ።

«አላወቅኩም።»

«ሚ ኒዘር።»

የሺሃረግ የልጇን እጅ ከመሪው ላይ አንስታ ያዘችው። በረዶ ሆኗል።

«የእሑዱን ሰዓት መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም» አለች ሳሌም። «አዋቂ ሰው አጠገብሽ ከሌለ አይቆጠርም። ዳድ ራሱ አይቆጥረውም ነበር።»

«አባትሽ ቀይ መብራት ነው የማይቆጥረው» አለች የሺሃረግ። ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። «በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ማንንም ሳትነኪ፣ ማንም ሳይነካሽ፣ ቤቱ በር ላይ አደረስሽው። ይቆጠራል። እኔ እፈርማለሁ።»

ሳሌም ያን ጊዜ አለቀሰች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የሺሃረግ እንድታለቅስ ተወቻት፤ አይዞሽም አላለቻትም።

ከመንገዱ ጫፍ ጠራጊው መኪና ብሩሹን እያሽከረከረ ብቅ አለ። ጉዲና ከደረጃው ላይ እጁን ያወናጭፋል። ከኋላው እትዬ ያለምዘውድ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆመዋል።

«እናንሳው» አለች የሺሃረግ። «አንዴ ብሎኩን ዙሪ። ቀስ ብለሽ።»

ሳሌም ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች። መኪናው ሲንቀጠቀጥ የየሺሃረግ እጅ እንደ ልማዱ ጥቁር ነጠላዋን ይዞ ወደ ዓይኗ ወጣ።

«ማሚ» አለች ሳሌም። «ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። ፕሊስ።»

የሺሃረግ ነጠላዋን ወደ ታች ሳበችው። ወንበሩን አቃንታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መኪናው ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሲላቀቅ ዓይኗን አፍጥጣ መንገዱን አየች። ቀኝ እግሯ ብቻ ሳታዘው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ የሌለውን ፍሬን ረገጠ።