የሚቆሙበት እንጨት

ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ድልድይ ስነድፍ ውዬ ቤት ስገባ ሌላ ድልድይ ይጠብቀኛል። የመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ የምሳ ሰዓት አለው። የቤቱን አባቴ ታብሌት ላይ በጌም ነው የሚሠራው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጀመሪያዋን ደረጃ አላለፈም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አናጺ ነበር። ድልድይ ሲሠራ ግንበኞች የሚቆሙበትን መወጣጫ የሚያቆመው እሱ ነበር። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ሰነፈበት። ፊዚዮቴራፒስቷ ልምምድ እንደማይወድ ስለገባት ጣቶቹን በየቀኑ እንዲያንቀሳቅስ ብላ ይህን ጌም ጫነችለት። እኔን ደግሞ በር ላይ ለብቻዬ አስቀርታ፣ እጁ የሚመለስ ከሆነ በዚህ ወር ወይ በሚቀጥለው ነው፣ ልምምዱን ካቆመ ጣቶቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ አለችኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ወንዝ አለ፤ ለመሻገር የምትጠብቅ የጭነት መኪና አለች፤ የተቆጠረ እንጨት ይሰጣል። እንጨቱን በጣት እየጎተቱ መገጣጠም ነው። አረንጓዴዋ ምልክት ስትነካ መኪናዋ ትነሳለች። እስክትነካ ድረስ ምንም ነገር አይወድቅም፤ አየር ላይ የተተወ እንጨት እንኳ እንደተንሳፈፈ ይቆያል።

አባቴን ከጨዋታው ጋር ያጣላው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ሰዎቹ የት ቆመው ነው የሚሠሩት ብሎ ጠየቀኝ። ሰው የለም፣ ጌም ነው አልኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ከወንዙ ወለል ጀምሮ መወጣጫ ያቆም ጀመር። በዚያች በምትንቀጠቀጥ አውራ ጣቱ ቋሚ፣ አግዳሚ፣ ሰያፍ እያለ ደረደረ። መወጣጫው ሲያምር ለጉድ ነው፤ ድልድዩ ግን ሳይጀመር እንጨቱ አለቀ። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መወጣጫውን እንዲተወው እለምነዋለሁ፤ እሱ እሺ ይልና ይቀጥላል። ከእምቢታው ይልቅ እሺታው ነው የሚያደክመኝ። ግትርነቱን ከማን ወረስሽው ለሚሉኝ ሁሉ መልሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ባለፈው ማክሰኞ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጥቼ ቤት ስገባ አባቴን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ታብሌቱ ጭኑ ላይ ነው፤ መወጣጫው ወንዙ መሃል ተገትሯል። ታብሌቱን ቀስ ብዬ አነሳሁና መወጣጫውን አጠፋሁት። በአራት ደቂቃ ድልድይ ሠራሁ፤ እንጨትም ተረፈኝ። መኪናዋ ተሻገረች። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሲነቃ፣ ድልድዩን ጨርሶ እንደተኛና ጣቱ አረንጓዴዋን ነክታ ደረጃውን እንዳለፈ ነገርኩት።

ድልድዩን አገላብጦ አየው። የኔ አይደለም አለ፤ ይሄን የሠራ ሰው የሚቆምበት የለውም። ከዚያ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

ረቡዕ አልነካውም። ሐሙስም፣ ዓርብም። ቅዳሜ ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዘረጋቸው አንድ በአንድ ተመልሰው ታጠፉ። ቀና ብላ አየችኝ። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ከሁለቱም በላይ ግን በጣም ደክሞኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ታብሌቱን ይዤ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዋሽቼህ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ታዲያ ለአንድ ጌም ብለህ እጅህን ትጥላለህ ወይ ብዬ ተቆጣሁ፤ ድምፄ መጮሁ ለራሴም ተሰማኝ።

እሱ ግን የታናሽ ወንድሙን፣ የአጎቴን ነገር አነሳ። እኔ የማውቀው አጎቴ ድልድይ ሥራ ላይ ወድቆ መሞቱን ብቻ ነው፤ ድልድዩ ተደርምሶ ይመስለኝ ነበር።

«ድልድዩማ እስከ ዛሬ መኪና ያሳልፋል» አለ አባቴ። «መወጣጫው ላይ አንድ ሳንቃ ጎድሎኝ ነበር። ነገ ይመጣል፣ ለዛሬ ተራምደኸው እለፍ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሠላሳ ዓመት ለማንም አልተናገረውም፤ ለእናቴም ቢሆን። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ስነድፍ ሠራተኛው የት ይቆማል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሌላ ሰው ሥራ ነው እል ነበር። ያ ሌላ ሰው አባቴ ነው።

የሠራሁትን ድልድይ አጠፋሁት። ወንዙ ባዶ ሲሆን ታብሌቱን ጭኑ ላይ አደረግኩለት። እጁን አነሳ፤ አውራ ጣቱ ግን አራት ቀን ቦዝና አልዘረጋ አለችው። እንደገና ሞከረ። እንባዬ መጣ፤ ይቅር በለኝ አባዬ አልኩት።

እጁን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ከሥር ያዥልኝ» አለኝ። «ያዥልኝ እንጂ ጣቴን አትምሪው።»

ያዝኩለት። የመጀመሪያዋን ቋሚ ለማቆም ሩብ ሰዓት ፈጀብን።