በጠበል የተነከረው ፊልም

ዶክተር ቴዎፍሎስ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይኼ ምን ነክቶት ነው?"

ሀብትነሽም አየችው። አምና የተነሳችው የጭንቅላቷና የአከርካሪዋ ምስል ፊቱ ተላልጦ፣ ተዥጎርጉሮ ነበር። ለፋሲካ ቋሪት ስትወርድ አባቷ ቤት ትታው የመጣችው ነው። አጠገቧ ወደ ተቀመጡት አባቷ ዞረች። አቶ ትዕዛዙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ሰባት ቀን ጠበል ውስጥ ነክሬው ነው" አሉ። "እሷ ሥራ አለብኝ ብላ አልሄድ አለች። በሽታው እነዚህ ነጫጭ ጠባሳዎች ናቸው ተብዬ የለም? እነሱኑ አስጠመቅኋቸው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ተናደደች። መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል የነርቭ ሕመም አለብሽ ከተባለች ጀምሮ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህን ቅዳሜ ነው። የአምናው ምስል ከዘንድሮው ጋር ካልተስተያየ፣ እግሯ ወደፊት ይከዳት አይከዳት መገመት አይቻልም። ቡሬ ሒሳብ የምታስተምርበት ክፍል ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ማስተማሩን ትታ ወደ መዝገብ ቤት እንድትዛወር የሚጠይቅ ማመልከቻ ፈርማ በቦርሳዋ ይዛለች፤ ሰኞ ልታስገባው።

"አባዬ፣ ምነው ቢጠይቁኝ?" አለች።

"ብጠይቅሽማ ትከለክይኝ ነበር!"

ዶክተሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። "ሲዲውስ? ከፊልሙ ጋር ተሰጥቶሽ ነበር እኮ።"

ሀብትነሽ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሲዲው ከትምህርት ዕቅድ ደብተሯ መሐል ወጣ። እፎይ አለች፤ ግን ገና ግማሽ እፎይታ ነበር።

ዶክተሩ የሁለቱን ዓመት ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ቆየ። አቶ ትዕዛዙ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ይላሉ በሹክሹክታ።

"አዲስ ጠባሳ የለም" አለ በመጨረሻ። "የአንጎልሽ መጠን አልቀነሰም፣ ኅብለ ሰረሰርሽም ደህና ነው። ምስል ነቢይ አይደለም፤ ግን እንደማየው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ምርኩዝ የመያዝ ዕድልሽ ትንሽ ነው። መድኃኒቱን ብቻ እንዳታቋርጪ።"

እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። አባቷ የዶክተሩን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ብድግ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

"ጠበሉ ሠራ ማለት ነዋ?" አሉት።

"ከእንግዲህ እሷን ራሷን ይውሰዷት፣ አባባ፤ መድኃኒቷን እየዋጠች። ፊልም ግን እንዳይነክሩብኝ!"

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲደርሱ አቶ ትዕዛዙ የተበላሸውን ፊልም ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ነበር።

"ይጣሉት እንጂ" አለቻቸው።

"ጠበል የነካውን? አልጥለውም። ጋቢዬን አቆሸሸብኝ እንጂ። የምጠቀልልበት ወረቀት የለሽም?"

ሀብትነሽ ማመልከቻውን አወጣች። ፊርማዋን አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

"በዚህ ይጠቅልሉት።"