አልቅት የናቀው ጉልበት

ባሌ ዋቅወያ ዕድሜውን የፈጀው ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ወለል ካያችሁ እሱ ሳይዳብሰው አይቀርም። ልጆቻችንን ያስተማረው በዚሁ ሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ሁለቱን ጉልበቶቹን ወሰደበት። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ብሎ ኪኒን አዘዘለት። ኪኒኑ ሕመሙን ያስታግስለታል፣ ጨጓራውን ግን ያቃጥለዋል። ከወንበር የሚነሳው እኔን ተደግፎ ነው። ጉልበቱን ሰው ከነካበትማ ይጮኻል።

ታዲያ ልጃችን ሶረቲ ልታገባ ሆነ። ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የወላጆቿን ጉልበት ስማ ነው። በታላቅ ወንድሟ በገመቺስ ሠርግ ሚዜዎቹ ተራ በተራ እየተንበረከኩ ሲስሙት አንዱ ወጠምሻ ክብደቱን ጣለበትና ዋቅወያ አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ። እንግዳው ሁሉ በልጅ ፍቅር ያለቀሰ መስሎት አብሮት አለቀሰ። እኔ እውነቱን ስለማውቅ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«ለሶረቲ እንዲህ አይሆንም» አለ ዋቅወያ። «ያስተማራት ይሄ ጉልበት ነው። ትሳመው። እኔም እንደ አባት ዝም ብዬ ልሳምላት።»

ከዚያ በኋላ ነው የአልቅቱን ወሬ ይዞ የመጣው። አኖ ከተማ ጂሩ የሚባል፣ ሱዳን ኖሮ የተመለሰ ሰው አለ፤ የታመመ ጉልበት ላይ አልቅት እየለጠፈ ደሙን ያስመጥጣል፣ ብዙ ሰው ቀሎታል አሉት። እኔ አልቅትን የማውቀው በከብት ነው። ልጅ ሆኜ ላማችን ወንዝ ስትጠጣ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶባት አባቴ በትንባሆ ውኃ ነበር ያስወጣላት።

«እኛ ከላም አፍንጫ እያባረርነው አንተ ሄደህ ልታስነክስ ነው?» አልኩት።

ሰማኝ? ኧረ ወዲያ! ጉዞ ተቆረጠ። እኔም ብቻውን አልለቀውም ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት ሚኒባስ ከመሳፈራችን በፊት መንገዱ እንዳይጎዳው ብዬ ሁለቱንም ጉልበቶቹን በሚያቃጥለው ቅባት አጥግቤ አሸሁለት። ሲሬ ከተማን እስክናልፍ ድረስ መኪናው በሙሉ ቅባቱን ቅባቱን ሲሸት ነበር፤ አንዲት ተሳፋሪ መስኮት ክፈቱልን ብላለች።

ጂሩ ጎልማሳ ነው፤ ግቢውም እጁም ንጹሕ። «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ዋቅወያ! አዴ ዓባይነሽ፣ ይግቡ» ብሎ ተቀበለን። አልቅቶቹ አፉ በሻሽ በታሰረ ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ነበሩ፤ ጠቆር ያሉ፣ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ የሚመስሉ። ዋቅወያ ሱሪውን ሰበሰበ። ጂሩ አንዱን አልቅት አንስቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። አልቅቱ ራሱን ቀና አደረገ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ዞሮ ወረደ። ሌላው ተተካ፤ እሱም ወረደ። የመጨረሻውማ ጭራሽ ከጂሩ ጣት አልላቀቅም አለ።

«ይኸው! አልቅት እንኳ ናቀህ!» አልኩና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ዋቅወያ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ሰውዬው ለቀልድ አልመጣም፤ ስለ ልጁ ነው የመጣው። ሳቄ ጠፋ፣ አንጀቴን በላው።

ጂሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አሸተተ። «ኦቦ፣ ምንድን ነው የተቀቡት? ዱላንዱላ እኮ እንዲህ ያለ ሽታ አይወድም።» ዱላንዱላ የሚለው አልቅትን ነው።

«እሷን ጠይቃት» አለ ዋቅወያ፤ ስሜን እንኳ አልጠራም።

ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ተሰጠኝ። የቀባሁትን እኔው አጠብኩ፤ ሽታው እስኪጠፋ ፈትጌ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። አሁን ነከሱ። ዋቅወያ «እስ» አለ። አልቅቶቹ እየወፈሩ እየወፈሩ ሄዱና ሲጠግቡ በራሳቸው ወደቁ። ደሙ ግን አልቆም አለ፤ በፋሻ ታስሮም ነቀምቴ ስንደርስ ያዥ ነበር። ወደ ቤት የወሰደንን ባጃጅ ወንበር እንዳያበላሽ ብዬ ነጠላዬን አነጠፍኩለት። ሲነጋ ደግሞ ማሳከክ ጀመረው።

«ዓባይ፣ አያመኝም እኮ፤ እያሳከከኝ ነው!» እያለ በደስታ ያካል።

አልቅቱ ሠራ ወይስ ተስፋው ነው የሠራው፣ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ አላመንኩም። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ሶረቲን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «አባትሽን ትከሻውን ሳሚው፤ ጉልበቱን እንዳትነኪ። ለሚዜዎቹም ንገሪያቸው» አልኳት። እሺ አለች።

የሠርጉ ዕለት ዋቅወያ ሱፉን ለብሶ፣ እግሮቹን ገጥሞ ሳሎን ተቀምጧል። ሶረቲ የእኔን ጉልበት ሳመችና ወደ እሱ ዞረች። ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው፣ ቀና ብላም ልታልፍ ሆነ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። እጇን ያዛት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉልበቴስ?»

ሶረቲ ግራ ገብቷት አየችኝ። ምን ልበል? «ሳሚው» አልኳት።

ከነቬሎዋ ተንበረከከች። የቀኙን ሳመች፣ የግራውን ሳመች። በዚያ መቼ በቃት! «አባ ኮ፣ አባ ኮ» እያለች ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ጮኸ፣ አሁን ጮኸ እያልኩ ትንፋሼን ያዝኩ። ዋቅወያ ግን ራሷን ይደባብሳል። ሚዜዎቹ ሊያነሷት ሲመጡ በእጁ ከለከላቸው። ከዚያ ማንንም ሳይደገፍ ከወንበሩ ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ክንዶቿን ያዘና ልጁን ራሱ አነሳት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ፤ ዓይኔን ግን ከጉልበቱ አልነቀልኩም።

እስከ በር ሸኛት። መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እያስጮኹ እስኪታጠፉ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን አውለበለበ። የመጨረሻው መኪና ሲሰወር ሳይዞር፣ ፈገግታውንም ሳያጠፋ፣ ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ፣

«ዓባይ፣ ያዥኝ፤ ልወድቅ ነው» አለኝ።

ያዝኩት። ተንገዳግጄ ልወድቅ እስክደርስ ተጫነኝ።

«አመመህ እንዴ?»

«በጣም» አለ። እንደዚያ ደስ ብሎት ግን አይቼው አላውቅም።